በር የሌለው ቢሮ

የወረዳችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኜ በተመረጥኩ በሦስተኛው ቀን ጋሽ ገሰሰን ጠርቼ የቢሮዬን በር አስነቀልኩት። ጋሽ ገሰሰ የግቢው ጥበቃ ናቸው፤ በወጣትነታቸው አናጢ ነበሩ። መዶሻና መፍቻ ይዘው መጡና መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥለው እኔን፣ እንደገና በሩን አዩ።

«ተበላሽቷል እንዴ?»

«ደህና ነው። ይንቀሉት።»

«እሺ፣ የት ላድርገው?»

«እንደፈለጉ። ካሻዎት ይፍለጡት።»

ይህን ያደረግሁት ለታይታ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ይበሉ። ከሹመቱ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምሬያለሁ፤ ለልጆች «መንግሥት የሕዝብ አገልጋይ ነው» እያልኩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬያለሁ። እናቴ ስትሞት የሞት ማስረጃዋን ለማውጣት ወደዚሁ ቢሮ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለስኩ። አሥራ አንዱንም ጊዜ በሩ ዝግ ነበር፤ አሥራ አንዱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በመጨረሻው ቀን በሩን ገፍቼ ስገባ ኃላፊው ብቻውን ተቀምጦ ብርቱካን ይልጥ ነበር። ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ምክር ቤት እንድገባ የወከለኝ ሰፈር ግን በአብዛኛው ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ የሰማኝ ሰው ነው።

እናም አራት ዓመት ሙሉ በር አልነበረኝም። ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ የተቀመጠ ባለ ጉዳይ ምን እንደምሠራ፣ ማን ጋር በስልክ እንደማወራ፣ ሻይ ስንት ሰዓት እንደምጠጣ ያያል። ጠዋት ስብሰባ ከለከልኩ። በሁለት ወር ይወጣ የነበረ መታወቂያ በአንድ ቀን ይወጣ ጀመር። ክረምት በመጣ ቁጥር ከጉርድ ሾላ በታች ያሉ ቤቶች ውስጥ የሚገባውን ጎርፍ በቦይ መለስነው፤ ኮንትራክተሩ ሲሚንቶ ሲቀንስ እኔው ቦዩ ውስጥ በጫማዬ ወርጄ አስቆፍሬ አስደገምኩት። ከሌላ ክፍለ ከተማ ሳይቀር እየመጡ ባዶውን መቃን ፎቶ አንስተዋል። እኮራበት ነበር። ዛሬም በቦዩ እኮራለሁ፤ ስለ መቃኑ ግን የምናገረው አለኝ።

የመጀመሪያው ዘመኔ ሲያልቅ ለሁለተኛ ጊዜ ለመመረጥ ቀረብኩ። ተፎካካሪዬ ምክትሌ አቶ ኤርሳዶ ነበር። ኤርሳዶ ሌባ አይደለም፣ ሰነፍም አይደለም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም፤ ሰው ሲያናግር እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። የእሱ ቢሮ በር አለው።

በእኛ አሠራር አንድ ኃላፊ እንደገና ከመመረጡ በፊት ምክር ቤቱና ነዋሪው ባሉበት ይገመገማል። መጀመሪያ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ጥፋቱን በገዛ አፉ ይናገራል ማለት ነው። ቀጥሎ ሌሎች ይተቹታል፤ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። በወረቀት ላይ ሲታይ ግሩም ነገር ነው። በአዳራሽ ግን ሰው ሁሉ የሚያቀርበው ጥፋት ከሠርግ ልብስ የበለጠ ያማረ ነው። «ዕረፍት አልወስድም።» «ሰው በጣም አምናለሁ።» «ሥራ ለሌላ ማካፈል አይሆንልኝም።» ይህን ተናግሮ የሚቀመጥ ሰው ምስጋና የሚጠብቅ ይመስላል።

ከግምገማው ሁለት ቀን በፊት የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ አቶ ፊሊጶስ ሃያ ሁለት ሰፈር አንድ ካፌ ጠሩኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ ስለነበሩ ምክር እንኳ ሲሰጡ የሚያዜሙ ይመስላሉ።

«እህቴ፣ አንዲት ትንሽ ጥፋት አዘጋጂ» አሉኝ።

«ምን ያህል ትንሽ?»

«የማትጎዳ። እኔ ባለፈው ‹ለቤተሰቤ ጊዜ አልሰጥም› አልኩ። ተጨበጨበልኝ።»

«እውነት ለቤተሰብዎ ጊዜ አይሰጡም?»

«ኧረ እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤቴ ነኝ!»

«እኔ እንዲህ ያለ ጥፋት የለብኝም፣ አቶ ፊሊጶስ።»

«ይህን አዳራሽ ውስጥ እንዳትይው፤ አደራ። አንቺና ኤርሳዶ እኩል ለእኩል ናችሁ። የቀሩት አሥራ አምስት የምክር ቤት አባላት የሚወስኑት እዚያው ሰምተው ነው። እሱ ደግሞ የሚያነሳብሽ ቁጣሽን ነው።»

«ቁጣዬን? ማን ነው የተቆጣው?» ብዬ ጠረጴዛውን ስመታ የማኪያቶ ብርጭቆዬ ተገለበጠ። አስተናጋጇ ጨርቅ ይዛ ሮጣ መጣች። አቶ ፊሊጶስ ሱሪያቸውን በሶፍት ጠረጉ።

በማግሥቱ ቦሌ ስብሰባ ቆይቼ ስመለስ ጸሐፊዬ ቤቴል የግቢው በር ላይ ጠበቀችኝ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወሬ ሲኖራት ጥፍሯን ትነክሳለች።

«እትዬ የሺ፣ እንዳይቆጡ። አቶ ኤርሳዶ ነገ ምስክር ያመጣሉ። እትዬ ሳጂዳን።»

እትዬ ሳጂዳን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም። ጉርድ ሾላ የዩኒፎርም ሱቅ ነበራቸው፤ የአካባቢው ልጅ ሁሉ እሳቸው የሰፉትን ሰማያዊ ሱሪና ጉርድ ለብሶ ነው ያደገው። አባት የሌለው ልጅ ሲመጣ መለኪያውን ይዘው «ያንተ ተከፍሏል» ይሉታል፤ ማን እንደከፈለ አይነግሩትም።

«ምን አደረግኋቸው?» አልኩ።

«ሲሪየስሊ ረስተውታል? ጮኸውባቸዋል እኮ።»

ያኔ ትዝ አለኝ። ሰባት ወር ሆኖታል። እትዬ ሳጂዳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ መጡ። ሁለት ቀን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተራቸው ሲደርስ «ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብለው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ገቡና ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው ወደ ኮሪደሩ ዞር አሉ፤ አሥራ አራት ሰው ተደርድሯል። «ልጄ፣ ሌላ ቀን…» ማለት ሲጀምሩ ትዕግሥቴ አለቀ።

«እትዬ ሳጂዳ፣ ይኸው ሦስተኛዎ ነው! እዚህ ቤት በር የለም፣ ምስጢርም የለም። ጉዳይ ካለዎት ይናገሩ፤ ከሌለዎት የሰው ጊዜ አይሻሙ!»

አግዳሚው ላይ አንድ ሰው ሳቀ። እትዬ ሳጂዳ ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ።

ሳልረጋጋ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ለይቅርታ አልነበረም፤ እውነቱን ልናገር። ኤርሳዶ ምን ሊያናግራቸው እንዳሰበ ሰምቼ መልሴን ላዘጋጅ ነበር። መንገዱን ሙሉ በልቤ ስከራከር ሄጄ ኤርሳዶን ሦስት ጊዜ ረትቼዋለሁ።

የሚኖሩት ከድሮው ሱቃቸው ጀርባ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሱቁን አከራይተው በኪራዩ የሚኖሩ ይመስለን ነበር። ሳንኳኳ ራሳቸው ከፈቱልኝ፤ ግን ፊታቸውን ወደ ግራ አዙረው በአንድ ወገን አዩኝ።

«ማነው?»

«የሺአረግ ነኝ፤ ከወረዳ።»

«ድምፅሽንማ አውቀዋለሁ» አሉ። «ግቢ። በሩን ዝጊው።»

«ክፍት ቢሆን ምን አለ፣ ቆሜ ነው የምሄደው።»

«ዝጊው፣ ልጄ። ያኔ ያቃተኝ እሱ ነው።»

ዘጋሁት። እትዬ ሳጂዳ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ሱቁ ከተሸጠ አምስት ዓመቱ። ሰው ያከራየሁት ይመስለዋል፤ እኔም እንዲመስለው ትቼዋለሁ። ዓይኔን ሲያመኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። የዓይን ግፊት ነው፣ ቶሎ ካልታከመ ብርሃንሽን ይወስደዋል አሉኝ። ‹የሚያሳክምሽ ከሌለ አቅም የላትም የሚል ደብዳቤ ከወረዳሽ አምጪ፣ በነፃ ይሠራልሻል› አሉ። እሱን ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ፊት ልንገርሽ? አግዳሚው ላይ ማን ነበር? የሀይደር ሚስት ነበረች። የእድራችን ጸሐፊ ነበር። ልጆቻቸውን ያለበስኳቸው ሰዎች ነበሩ። እነሱ እየሰሙ ‹ድሃ ነኝ ብለሽ ጻፊልኝ› ልበልሽ?»

አጠገባቸው አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

«አሁንስ ዓይንዎ?»

«ግራው ሄዷል። ቀኙ ገና ነው፤ ይድናል ይላሉ። ይኸው አንቺን አይሻለሁ።» ትንሽ ቀና አሉና «ወፈርሽ እንዴ?» አሉኝ።

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ፤ ሁለቱንም ዋጥኳቸው። ከዚያ የለመድኩትን አደረግሁ፤ የምቆጣበት ሰው ፈለግሁ። ሐኪሙ? የሚገባውን ነግሯቸዋል። ሳቂው ሰውዬ? እሱን ያሳቅሁት እኔ ነኝ። ኤርሳዶ? ለምን እንደመጡ እንኳ አያውቅም። ብርቱካን ይልጥ የነበረው ኃላፊ በተዘጋ በሩ እኔን አሥራ አንድ ጊዜ አመላለሰኝ። እኔ በተነቀለ በሬ የአንዲት ሴት ዓይን አጠፋሁ።

«ነገ የኤርሳዶ መኪና ይወስደኛል» አሉ እትዬ ሳጂዳ። «‹ምን እንዳሉዎት ብቻ ይናገሩ› ብሎኛል። የመጣሁበትን ግን ለማንም አትንገሪ። ቃል ስጪኝ።»

«ቃሌ ነው። ደብዳቤውን ነገ በእጄ እጽፈዋለሁ፤ ማንም አያነበውም።»

በማግሥቱ ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በአራት ገጽ የጻፍኩት የሥራ ሪፖርት ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ቦዩ፣ መታወቂያው፣ የመንገድ መብራቱ፣ ሁሉም በቁጥር። አቶ ፊሊጶስ ጉባኤውን ሲከፍቱ ኤርሳዶ እጁን አወጣ።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ከግለ ሂሱ በፊት አንድ ነዋሪ ቢደመጡ። እናታችን ጤናቸው ስላልተሟላ ብዙ መቀመጥ አይችሉም።»

ተፈቀደ። ቤቴል ክንዳቸውን ይዛ ወደ ድምፅ ማጉያው አቀረበቻቸው።

«እናቴ፣ ወይዘሮ የሺአረግ ምን አሉዎት?» አለ ኤርሳዶ በዚያ ለስላሳ ድምፁ።

«የሰው ጊዜ አይሻሙ አለችኝ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ከፊት ተቀምጠው ከነበሩት ከእነዚያ አሥራ አምስት ሰዎች ሁለቱ ሲተያዩ አየሁ። ይህን ጊዜ የእኔ ወገን ሚስባህ ብድግ አለ። ሚስባህ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ምላሱ ስለታም ነው፤ ድምፅ ያሰባሰበልኝም እሱ ነው።

«ጥያቄ አለኝ!» አለ። «እትዬ ሳጂዳ፣ ለምን ጉዳይ ነበር የሄዱት?»

እትዬ ሳጂዳ ዝም አሉ።

«ሦስት ቀን ሄደዋል። ጉዳይዎ ምን ነበር? መታወቂያ? ግብር? ውሃ?»

እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ሻሻቸው ሄደ፤ ያኔ ቢሮዬ ውስጥ እንደሄደው።

«ይኸው እንግዲህ!» አለ ሚስባህ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ጉዳይ የላቸውም! ሰው ሦስት ቀን ያለ ጉዳይ እየመጣ አግዳሚ ካሞቀ ሥራ አስፈጻሚዋ ምን ትበል? ቡና ታፍላላቸው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከአሥራ አምስቱ አብዛኞቹ ሳቁ። ኤርሳዶ አንገቱን ደፋ። በዚያች ቅጽበት አሸንፌ ነበር። ከእኔ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝም ማለት።

ዝም ማለት አልችልም። ለዚህ ጠባዬ አንድ ጊዜ እንኳ ፈጣሪን ካመሰገንኩ ያን ቀን ነው።

«አቶ ሚስባህ፣ ይቀመጡ!»

ድምፅ ማጉያ አላስፈለገኝም። ሳቁ ተቋረጠ።

«እንዴ፣ የሺ፣ ለአንቺ እኮ ነው…»

«ይቀመጡ አልኩ! እትዬ ሳጂዳ ጉዳይ ነበራቸው። ጉዳያቸውን አውቀዋለሁ፤ እዚህ አልናገረውም፣ ማንም እንዲጠይቃቸው አልፈቅድም። ከእናንተ መካከል እሳቸው የሰፉትን ዩኒፎርም ለብሶ ያልተማረ ካለ እሱ ይሳቅ።»

ማንም አልሳቀም።

«አሁን ግለ ሂሴን አቀርባለሁ» አልኩ። ቦርሳዬን አልከፈትኩም። «በር የለኝም ብዬ አራት ዓመት ተኩራርቻለሁ። እናንተም አጨብጭባችሁልኛል። በሩን ያስነቀልኩት ሹም እንዳይደበቅ ነበር፤ በዚያ ልክ ነበርኩ። ባለ ጉዳይ ግን የሚከለልበት ያስፈልገዋል፤ በዚያ ተሳስቻለሁ። ጎረቤቱ አጠገቡ ተቀምጦ እየሰማ ችግሩን መናገር የሚችል ሰው የእኛ አገር ሰው አይደለም። ይህን እያወቅሁ፣ እዚሁ ሰፈር አድጌ፣ ሰውን ኮሪደር ላይ ‹ተናገር› አልኩት። ስንት ሰው አፉ አልከፈት ብሎት እንደተመለሰ አላውቅም። የተመለሰ ሰው መዝገብ ላይ አይጻፍም። የማውቀው አንዲትን ሴት ነው፤ እሷን በጩኸት አባርሬያታለሁ፤ ጉዳት ደርሶባታል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ይህ ለቤተሰቤ ጊዜ አልሰጥም ዓይነት ጥፋት አይደለም። ጥፋት ነው።»

አቶ ፊሊጶስ ሳል ያዛቸው።

ኤርሳዶ ተነሣ። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ዝቅ ያለ ነበር። «ወይዘሮ የሺአረግ፣ ይህን ያህል ጥፋት ያመነ ሰው እንዴት ይመረጣል?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደግሞ ደስ ይለኛል።

«እሱን ድምፅ ሰጪዎቹ ይመልሱ፣ አቶ ኤርሳዶ። እኔ የሠራሁትን ሠርቻለሁ፤ ቦዩን ሄዳችሁ እዩት፤ ዘንድሮ የማንም ፍራሽ አልራሰም። በዚያ አላፍርም። መቆጣቴንም አልተውም፤ የምቆጣበትን ሰው ግን ከዛሬ ጀምሮ እመርጣለሁ። ተመረጥኩም አልተመረጥኩም፣ በሩ ዛሬ ይገጠማል።»

ተቀመጥኩ። ያጨበጨበ የለም።

ድምፅ ሲሰጥ ዕጩዎች አዳራሽ ውስጥ አይቀመጡም። ኤርሳዶ ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። እኔ እትዬ ሳጂዳን ደግፌ ወደ ታች ወረድኩና ጋሽ ገሰሰን ጠራሁ።

«ጋሽ ገሰሰ፣ ያ በር…»

ሳልጨርስ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄዱ። አሮጌ ጎማና የተሰበሩ ወንበሮች ሲያነሱ ተሰማ። በሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ማጠፊያዎቹ ዘይት ተቀብተው፣ ብሎኖቹ በትንሽ ፌስታል ታስረው እጀታው ላይ ተንጠልጥለው መጣ።

«ይፍለጡት ብዬዎት አልነበር?»

«ብለሽ ነበር» አሉ። «ዋንዛ ነው እኮ። ዋንዛ እንዴት ይፈለጣል? ደግሞ የተናደድሽ ቀን ያልሽውን ሁሉ ብሠራማ ይሄ ግቢ አጥርም አይኖረው።»

እኔ ሳንቃውን ይዤ፣ እሳቸው ብሎን እያጠበቁ ገጠምነው። አግዳሚው ላይ የነበሩት ባለ ጉዳዮች ቆመው አዩን። እትዬ ሳጂዳን አስገብቼ በሩን ዘጋሁት። አራት ዓመት ያልተንቀሳቀሰ ማጠፊያ ዘይት ቢቀባም ጮኸ።

ማህተሙን ከመዝገብ ቤት ራሴ አምጥቼ ነበር። ወረቀት አወጣሁና በእጄ መጻፍ ጀመርኩ። የደብዳቤው የተለመደ ቃል «ምንም ዓይነት ገቢ የሌላቸውና ደጋፊ የሌላቸው» ነው። እዚያ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ።

«ጻፊው» አሉ እትዬ ሳጂዳ። «አንቺ ፊት አላፍርም። በሩ ተዘግቷል።»

ጻፍኩት። ፊርማዬ ላይ ስደርስ ከላይ ከአዳራሹ ጭብጨባ ተሰማ፤ ረዘም ያለ ነበር። ለማን እንደሆነ ግን በጣሪያ አይታወቅም።

በሩ ተንኳኳ። በአራት ዓመት ውስጥ የቢሮዬ በር ሲንኳኳ የመጀመሪያው ነው።

«እትዬ የሺ!» ቤቴል ነበረች።

«ቆዪ፤ ባለ ጉዳይ አለ።»

«ውጤቱ ወጣ እኮ!»

«ቆዪ አልኩሽ!»

«ክፈቺላት» አሉ እትዬ ሳጂዳ። «ልብሽ ከዚህ ይሰማል።»

«ደብዳቤው አላለቀም።»

ፈረምኩ። ማህተሙን መታሁ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ በወረቀቱ ላይ እፍ አልኩ፤ አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከተትኩና አሸግሁት። እትዬ ሳጂዳ ፖስታውን ደረታቸው ውስጥ አስገብተው ሻሻቸውን አስተካከሉ። ከዚያ በኋላ ከፈትኩ።

«በአራት ድምፅ ብልጫ!» አለች ቤቴል፤ ጥፍሯ ደም ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«ለማን?»

«ኦ ማይ ጋድ! ለእርስዎ ነዋ!»

ከኋላዋ ኤርሳዶ ቆሞ ነበር። እጁን ከደረቱ አንሥቶ ዘረጋልኝ።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለ። ወደ ማጠፊያው አየ። «በሩ ግን ይጮሃል።»

«እኔም እጮሃለሁ፣ አቶ ኤርሳዶ። ለምደውኛል፤ እሱንም ይለምዱታል።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አሳየኝ።

እትዬ ሳጂዳ ኮሪደሩን ይዘው ሄዱ። አግዳሚው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ተነሥቶ አሳለፋቸው፤ ምን ይዘው እንደወጡ ግን አንዱም አላወቀም። የሀይደር ሚስት «እትዬ ሳጂዳ፣ ጉዳይዎ ተሳካ?» ስትላቸው ሰማሁ። «ተሳካ» አሉ፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው አልፈዋት ሄዱ።

አራት ድምፅ ትንሽ ነው የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር። እኔ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተጨብጭቦልኛል፤ በዚያ ቀን ያገኘኋቸውን አራት ድምፆች ግን በየትኛውም ጭብጨባ አልለውጣቸውም። ጥፋቴን ሰምተው የሰጡኝ ናቸው።

ወደ አግዳሚው ዞርኩ።

«ቀጣይ ባለ ጉዳይ!»

አንድ ወጣት ፋይል ይዞ ተነሣ፤ ደፉ ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«ግባ» አልኩት። «በሩ ይዘጋ ወይስ ክፍት ይሁን?»

ወደ ኮሪደሩ ዞር ብሎ አየ።

«ይዘጋልኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ተነሥቼ ዘጋሁት።